በቅጥሩ ውስጥ ማደርና ከቅጥሩ ውጭ ማደር

በቀድሞው ዘመን በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን አጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። የማደሪያ ዋጋ የሚባል ነገር በመካከላቸው አይነሣም። እኛ ግን ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው የማደሪያ ዋጋ ከጉዞው ሁሉ ይልቅ ስለሚያሳስብበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ፥ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ ስለሚገኘው ዋልት ዲስኒ ወርልድ ስለተባለው ታላቅ የመዝናኛ መናፈሻ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከልጆቻችን አፍ የዲስኒን ስም የማንሰማበት ሳምንት የለም። የጸደይ ዕረፍት በቀረበ ቍጥር፥ ከቅዳሴ በኋላም ሆነ በማኅበር ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዘንድሮ የምታርፉት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» ይባላል። ውስጥ የተባለው በመናፈሻው ባለቤት ይዞታ ላይ የተሠራው ሆቴል ሲሆን፥ ውጭ የተባለው ደግሞ ከዚያ ወሰን ወዲያ በየጐዳናው የተደረደረው ሞቴልና በኪራይ የሚሰጠው መኖሪያ ቤት ነው። እኛም በልዩ ልዩ ዓመታት ሁሉንም ዓይነት ማደሪያ ስለሞከርን፥ ያየነውንና ያመዛዘንነውን ለአንባቢ ለማካፈል ወደድን።

ውስጥና ውጭ የሚባለው ነገር እንዴት እንደተፈጠረ ማወቅ ይጠቅማል፤ በአጋጣሚ የመጣ አይደለምና። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ዋልት ዲስኒ የመጀመሪያውን መናፈሻ ዲስኒላንድን በካሊፎርኒያ፥ በአናሃይም ከተማ፥ በ1955 ሲከፍት የነበረው መሬት 160 ኤከር ያህል ነበር፤ በአገራችን የቀድሞ ልክ አንዱን ጋሻ 40 ሄክታር አድርገን ብናስበው ከአንድ ጋሻ ተኩል ብዙም አይበልጥም። ለመናፈሻው ሥራ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ስላፈሰሰ ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ አልተረፈውም። ስለዚህ ጃክ ራዘር የተባለውን የቴሌቪዥን ባለሀብት አግባብቶ ሆቴሉን አሠራው። ስሙ ዲስኒላንድ ሆቴል ይባል እንጂ ኪራዩ የሚገባው ለሌላ ሰው ነበር፤ የዲስኒ ኩባንያ ሆቴሉን የራሱ ለማድረግ የቻለው በ1988 ነው። ከዚህም በቀር በመናፈሻው ዙሪያ ሞቴሉ፥ ምግብ ቤቱና የማስታወቂያው መብራት እንደ እንጉዳይ ፈላ። የዘራው ዋልት ዲስኒ ሲሆን አጫጁ ጎረቤት ሆነ።

ሁለተኛውን መናፈሻ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ግን ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስበት ቈረጠ። ስማቸው ከዲስኒ ጋር የማይያያዝ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች አቋቁሞ፥ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፥ በመካከለኛው ፍሎሪዳ የነበረውን ረግረግና የከብት ማሰማሪያ በጥቂት በጥቂቱ ገዛ። በ1965 ምሥጢሩ ሲወጣ በእጁ የገባው መሬት 27,000 ኤከር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው በጋሻ ልክ ብናስበው 270 ጋሻ ያህል ነው። ዋጋውም በአማካይ ለአንድ ኤከር 200 ዶላር አይሞላም ነበር። ዋልት ዲስኒ በ1966 ስለሞተ ፍጻሜውን አላየም፤ ወንድሙ ሮይ ሥራውን ቀጥሎ በ1971 መናፈሻውን ከሁለት ሆቴሎች ጋር ከፈተ። ከሁለቱ አንዱ ኮንቴምፖራሪ የተባለው፥ ሞኖሬል የሚሉት ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር በሆዱ ውስጥ አቋርጦት የሚያልፍ ሕንፃ ነው። እንግዲህ በዚያ ያረፈ እንግዳ ከሆቴሉ ወደ መናፈሻው፥ ከመናፈሻው ወደ ሆቴሉ ሲመላለስ የውጭውን ዓለም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ ይሰነብታል። 270 ጋሻው የተገዛው ለዚህ ነው። በኛ አስተያየት፥ በቅጥሩ ውስጥ ለማደር ከሚከፈለው ገንዘብ ብዙው የአልጋው ዋጋ ሳይሆን ውጭውን ያለማየት ዋጋ ነው።

ዳሩ ግን ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል ለማለት አይደለም። በውስጥ ያደረ ሰው የሚያተርፈው ዋና ነገር ጊዜ ነው። አራቱም መናፈሻዎች ለሆቴሉ እንግዶች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይከፈታሉ። ግማሽ ሰዓት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ ከቀትር በኋላ በረጅሙ ሰልፍ መካከል የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ ይቁምና ይፍረድ። ከሰልፉ ለማምለጥ ተጨማሪ ዋጋ ተከፍሎ የሚያዘውን ተራ የሆቴሉ እንግዳ ከሰባት ቀን አስቀድሞ መያዝ ሲችል፥ ከውጭ የሚመጣው ግን ሦስት ቀን እስኪቀረው መጠበቅ አለበት። ለመኪናውም ማቆሚያ በየቀኑ ይከፍላል። ማጂክ ኪንግደም ወደተባለው ዋናው መናፈሻ ለመግባት ደግሞ መኪናውን ካቆመ በኋላ በሰው እጅ የተቈፈረውን ሐይቅ በመርከብ ወይም በሞኖሬል መሻገር ግዴታው ነው፤ የኮንቴምፖራሪ እንግዳ ግን አሥር ደቂቃ ያህል በእግሩ ተራምዶ ከበሩ ይደርሳል። ከሁሉም የሚበልጠው፥ ልጅ በቀትር ደክሞት ሲያለቅስ ወደ አልጋው ወስዶ አስተኝቶ፥ ማታ ለርችቱ መመለስ መቻሉ ነው።

ታዲያ ይህን ያየ ሰው ለምን ውጭ ያድራል? ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። የዲስኒ ኩባንያ ከ1994 ጀምሮ ለመካከለኛ ኑሮ የሚሆኑ ኦል ስታርና ፖፕ ሴንቸሪ የተባሉ ርካሽ ሆቴሎች ሠርቷል። ነገር ግን የነዚህ ሆቴሎች ተራ ክፍል 24 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የሚቀበለው አራት ሰው ነው። እኛ ደግሞ ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና ከአዲስ አበባ የመጡት እናታችን፥ ስድስት ነን። ስለዚህ ወይ ሁለት ክፍል መያዝ፥ ወይም ስድስት ሰው የሚያስተኛውን ሰፊ ክፍል በብዙ ዋጋ መከራየት ግድ ይሆናል። ዴሉክስ በተባሉት ትልልቅ ሆቴሎችማ አንዱ ክፍል በብዙው ሌሊት ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላል። የፈረንጅ ሆቴል ሲሠራ አያትም አብራ ትመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለንም።

የወጥ ቤቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። የጸደይ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። እናታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ ከዚያም በኋላ ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና ዕንቍላል የለም። በመናፈሻው ቅቤ ያልነካው ምግብ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት እየጠየቁና እያስረዱ፥ ለአንድ ሳሕን ቅጠል ብዙ ዶላር እየከፈሉ መሰንበት ለሽማግሌ ሰው ዕረፍት አይደለም። የርካሹ ሆቴል ክፍል ማቀዝቀዣ እንጂ ምድጃ የለውም። ስለዚህ ባለፈው ጊዜ ከኦርላንዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዳቨንፖርት አራት መኝታ ቤት ያለው ቤት ተከራየን። ከቨርጂንያ ተነሥተን 850 ማይል ያህል ስንጓዝ እንጀራው በበረዶ ሣጥን፥ ሽሮውና በርበሬው በከረጢት ሆነው አብረውን ተጓዙ። የቤቱም ኪራይ ከሁለት ርካሽ ክፍሎች ዋጋ ያነሰ ነበር። ጧት ጧት ፍርፍሩን በዕቃ እየቋጠርን ወጣን፤ ዕቃው የመስተዋት እስካልሆነና አልኮል እስካልያዘ ድረስ እንግዳ ስንቁን ይዞ መግባት ተፈቅዶለታልና። ከሲንደሬላ ግንብ ሥር ተቀምጦ የጾም ፍርፍር መብላት እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ የሚያውቀው የቀመሰው ነው።

ይሁን እንጂ ቤቱም የራሱ ዕዳ አለበት። ከዳቨንፖርት እስከ ግንቡ በር ድረስ መንገዱ፥ የመኪናው ማቆሚያና ሐይቁ ሲደመሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፤ በቀትር ተመልሶ ማረፍ የሚታሰብ አይደለም። እናታችን ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት ቀን አብረውን ከዋሉ በኋላ በሦስተኛው ቀን «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አሉ። ማታ በአራት ሰዓት ስንመለስ ሽሮው ቀዝቅዞ፥ ቡናው ተቈልቶና ተወቅጦ ሳይፈላ፥ እሳቸው በማያውቁት ሰፈር፥ በማይሰሙት ቋንቋ ከሚናገር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ቆዩን። ከ7,000 ማይል በላይ አቋርጠው የመጡት የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ነው። ይህ ቀን በየትኛውም የኪራይ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ በኛ ሒሳብ ግን ከኪራዩ ላይ ይደመራል።

በማግሥቱ እሳቸውን ይዘን፥ ለማደር ሳይሆን ለማየት፥ አኒማል ኪንግደም ሎጅ ወደተባለው ሆቴል ሄድን። ይህ በ2001 የተከፈተ፥ አፍሪካን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ታላቅ ሆቴል ነው። ቀጭኔው፥ የሜዳ አህያውና ቀንዳቸው እጅግ ግዙፍ የሆነው የአንኮሌ ከብቶች ከሰገነቱ ሥር ተሰማርተው ይውላሉ። ከብቶቹ በሚታዩበት ክፍል ለማደር ከፍ ያለ ዋጋ ይከፈላል። እናታችን ከብቶቹን ትክ ብለው ተመልክተው፥ «ታዲያ ይህ ሁሉ ብር ለዚህ ነው? እኛ ከከብት ጋር አንድ ጣራ ሥር ስናድር ድኾች ነበር የምንባለው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን በዚያው ቀጥለው በልጅነታቸው በወሎ ስለነበረችው ቦራ ስለምትባለው ላማቸው፥ ጥጃዋም ወንዝ ስለወሰደው፥ ለልጆቹ ሲያወጉ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ልጆቹ ከተሳፈሩበት መጫወቻ ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያነሡት የቦራን ጥጃ ነው።

አሁን ስለ ሞቴሉ እንናገር። በኪሲሚ በኩል የሚያልፈው 192 ቍጥር አውራ ጐዳና ግራና ቀኙ የሞቴል ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ሦስተኛው ልጃችን ሳይወለድ፥ በዚህ ጐዳና በሚገኝ በአንድ ሞቴል አራት ሌሊት አደርን። ዋጋው እጅግ ርካሽ፥ አልጋውም ንጹሕ ነበር። በመጀመሪያው ጧት ልጆቹን ቀስቅሰን ወደ መኪናው ስንወርድ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ከሞቴሉ በር መጥቶ ቆመ፤ ከምድሩም ከፎቁም ክፍሎች ሕፃናት ቦርሳቸውን አንግበው እየወጡ ተሳፈሩ። የሰባት ዓመቷ ልጃችን «እነሱ ዕረፍት የላቸውም እንዴ? ዲስኒ አይሄዱም?» ብላ ጠየቀችን። ለነዚያ ሕፃናት ያ ክፍል ማደሪያ ሳይሆን ቤታቸው ነበር።

ነገሩ በአካባቢው የታወቀ ነው። ለዲስኒ እንግዳ ተብለው ከተሠሩት ሞቴሎች አያሌዎቹ እንግዳ ሲርቃቸው፥ ቤት ለመከራየት የሚጠየቀውን መያዣ መክፈል ላቃታቸው ቤተ ሰቦች በሳምንት የሚከፈልበት መኖሪያ ሆኑ። ሾን ቤከር የተባለው የፊልም አዘጋጅ በ2017 «ዘ ፍሎሪዳ ፕሮጀክት» በሚለው ፊልም ያሳየው የነዚህን ሕፃናት ኑሮ ነው። በ2023 የዲስኒ ሠራተኞች ማኅበራት ከኩባንያው ጋር ባደረጉት ስምምነት ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በዚያው ዓመት መጨረሻ 18 ዶላር እንዲደርስ ተወስኗል። ይህ ለሠራተኞቹ ታላቅ ድል ነበር፤ ሆኖም በዚህ ልክ አንዲት አልጋ አንጣፊ 40 ሰዓት ሠርታ፥ ግብር ሳይቀነስ፥ የምታገኘው 720 ዶላር ነው። እሷ ራሷ በምታነጥፈው የዴሉክስ አልጋ ላይ ሁለት ሌሊት አያሳድራትም።

በቅጥሩ ውስጥ አድረን ቢሆን ኖሮ ልጃችን ያን አውቶቡስ ባላየች ነበር። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ልጅ ለደስታ ተወስዶ ይህን ማየቱ ምን ይፈይድለታል?» ይሉናል። እኛ በዚህ አንስማማም። እኛም አሜሪካ በገባን ሰሞን አምስት ሆነን በአንድ ክፍል ያደርን ሰዎች ነንና፥ ልጃችን የጠየቀችውን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በዚያ ማታ ስለዚያ ክፍል ነገርናት፤ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

እንግዲህ ምክር ለሚጠይቀን ሰው የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ቀን ብቻ ያለው፥ ሕፃን የያዘና ከአራት የማይበልጥ ቤተ ሰብ ከርካሾቹ ሆቴሎች በአንዱ፥ በውስጥ ይደር፤ በውጭ የሚቈጥበውን በነዳጅ፥ በመኪና ማቆሚያና በድካም ያወጣዋልና። ሳምንት የሚቈይ፥ አያት ያለችበትና የሚጾም ቤተ ሰብ ግን ቤት ይከራይ፤ ሆኖም ለሃያና ለሠላሳ ዶላር ልዩነት ብሎ አይራቅ፥ በየቀኑም ወደ መናፈሻው አይሩጥ። ዋጋ ሲያነጻጽርም ድምሩን ይመልከት፤ በ2025 በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ ሆቴሎችና የኪራይ ቤቶች ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ደምረው እንዲያሳዩ ያዛል።

እኛ ለሚመጣው ጸደይ ያሰብነው አምስት ሌሊት ቀረብ ባለ ቤት፥ የመጨረሻዋን አንድ ሌሊት ደግሞ በቅጥሩ ውስጥ በሁለት ርካሽ ክፍሎች ለማደር ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የመግባቱ መብት የሚታሰበው ከሚገቡበት ቀን ጧት ጀምሮ እስከሚወጡበት ቀን ስለሆነ፥ በአንድ ሌሊት ዋጋ ሁለት ጧት ይገኛል። በቀሩት ቀናት ከሁለታችን አንዳችን ከእናታችን ጋር ቤት እንውላለን። ይህን በስልክ ስንነግራቸው እሳቸው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ሆቴል ጀበና የሚጣድበት ስፍራ አለ ወይ አሉን። የለም አልናቸው። «እንግዲያውስ የዚያን ቀኑን ቡና በዋዜማው ጠጥተን እንሂዳ» አሉ።