ፊደልና አዲሱ መኪና

የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲያገለግል የመሐንዲስ አያና ብሩን ስም የሚያስነሣ ብዙ ድካም ፈሶበታል። ለጥቂት የላቲን ሆሄያት የተበጀ ገበታ የግዕዙን ፊደል ሁሉ መሸከም ስላልቻለ፣ ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥያው መገጣጠም ግድ ሆነ። መልኩ ቢጎረብጥም ይነበብ ነበር።

ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ጽሕፈት ቤቶች ሲዛመት ግን ችግሩ ጠለቅ አለ። ይህ መኪና ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የዘመኑ ሥርዓት የነበሩት ቦታዎች 256 ብቻ ሲሆኑ፣ ግማሹን ላቲኑ አስቀድሞ ይዞታል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ግን ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ገና አልተቆጠሩም። በመሆኑም እያንዳንዱ የሶፍትዌር አምራች ፊደሉን በመሰለው ቁጥር ላይ አሰፈረ። ድፍረታቸው ይመሰገናል፤ ያለ እነርሱ አማርኛ ከኮምፒዩተሩ ደጃፍ በቀረ ነበር። ሆኖም በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። የገዛ ድርሰቱን ለማንበብ ደራሲው የአምራቹን ዕቃ ይዞ መኖር ነበረበት። ዩኒኮድ በ3ኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደሉ፣ ለአኃዙና ለነጥቡ 345 ቋሚ ቁጥሮች ሲሰጥ ፊደሉ የጋራ ሀብት ሆነ።

ዛሬ ደግሞ ቋንቋን ከጽሑፍ ክምችት የሚማር መኪና መጥቷል። መሐንዲሶቹ ክምችቱን ሲያሰናዱ ተደጋግሞ የሚሠሩበት ዘዴ ሞክሼ ሆሄያትን መጨፍለቅ ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ ይገባሉ። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሕዝቡ እያቀያየረ ስለሚጽፍ መኪናው አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ እንዳይቆጥር ነው። ነገር ግን ፀሐይ ስትወጣ የሚባለው ሠረቀ ከሌባው ሰረቀ ጋር ይቀላቀላል፤ መዳን የሆነው ድኅነት ከድህነት አይለይም። በዚህ መኪና የሚማር ተማሪ ልዩነቱ መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም፤ ምሁራን በአደባባይ ብዙ ተሟግተውበታል። የመቀነሱ ወገን የራሱ ጠንካራ ክርክር አለው። የሚያሳዝነው፣ በአደባባይ ያልተቋጨው ጉዳይ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ፣ ማንም ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው። መሐንዲሱ ለፍለጋ የሚያገለግለውን ቅጂ እንዳሻው ያስተካክል፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ደራሲው እንደጻፈው ቢቀመጥና መኪናው ከዚያ ቢማር፣ የሚጠይቀው ጥቂት የማከማቻ ቦታና ጥቂት ተጨማሪ ድካም ነው።