የሚስኮል የዘር ሐረግ

ጎንደር ላይ ዘሩ የማይቆጠር ነገር የለም። ነገሥታቱ እስከ ሰሎሞን ቆጥረዋል፤ ባለርስቱ እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ መሬት ተካፍሏል። በቅሎ እንኳ «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ የምትሸሸው፣ ጥያቄው እንደማይቀርላት ስለምታውቅ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያገለግለን ኖሮ ዘርህ ከወዴት ነው ያልተባለው ሚስኮል ብቻ ነው። ሊሞት ጣር ላይ ሳለ እኔ ልቁጠርለት።

በእናቱ በኩል ችግር የለበትም። እናቱ ስልክ ናት፤ ስልክ ደግሞ ቤተ መንግሥት ያደገች እመቤት ናት። ራስ መኮንን ከጣሊያን ይዘዋት መጡ፤ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ናት» ብለው እንዳወገዟት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ግን ጆሯቸውን ከስልኩ እንዳላነሱ ይነገራል። ቴሌም ልደቱን የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ ነው። ተንቀሳቃሿ ሞባይል ግን አዲስ አበባ የገባችው ሚያዝያ 1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወደ እኛ ደጋ ለመውጣት ጊዜ ወሰደባት። ደባርቅና ዳባት እስክትደርስ ድረስ የአገሬው ሰው ጉዳዩን በደብዳቤና በመንገደኛ አፍ ይልክ ነበር፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ፖስታ ቤትም ሥራ አልፈታም ነበር።

አባቱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይደፈናል። ሚስኮልን አባትህ ማነው ቢሉት «እናቴ ሞባይል ናት» ማለቱ አይቀርም። መንደሩ ግን አባቱን አውቆ ጨርሷል፦ ድህነት ነው ይላል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። ሂሳብ መቁጠር የሚጀምረው ተደዋዩ ሲያነሳ ነው፤ የሚከፍለው ደዋዩ ነው፤ ሳይነሳ ለተቋረጠ ጥሪ ግን ማንም አይከፍልም። የተፋቀ ካርድ የሁለት ቀን ዕድሜ በነበረው ዘመን ይህች ቀዳዳ እንዴት ሳትታይ ትቅር? የጎንደር ልጅ አውራ ጣት ያኔ ነው የሠለጠነው። ስልኩ እዚያ ማዶ አንዴ ጮኾ ሁለተኛውን ሳይጀምር ቀዩን መጫን ነበረበት። ከዘገየ ነገር ተበላሸ፤ ምክንያቱም ክፉ ጓደኛ አለ። ጣቱን አረንጓዴው ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅ፣ ገና «ጢ» ሲል አንስቶ «ሄሎ!» የሚል፣ ከዚያ የሚስቅ። ያቺ «ሄሎ» የአንድ ደቂቃ ሂሳብ ትበላለች። ለዚህ ጥፋት የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ።

ድህነት ብቻውንም አልነበረም፤ አጋዥ ነበረው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ የተከፈተው አገር ሚሊኒየሙን ሲቀበል ነው። በዚያ መሐል ስልክ የያዘ ሰው ወይ ከፍሎ ያወራል፣ ወይ በሚስኮል ይግባባል። ስለዚህ ሚስኮል ሰዋስው አወጣ። አንድ ጊዜ ከሆነ «ደርሻለሁ፣ ውጣ»፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ»፤ ሌሊት ላይ አንዲት አጭር ከሆነች ደግሞ ትርጉሟን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የልጅቱ አባት እንዳይጨመሩበት።

ሰዋስው ሲኖር የማይማረው አይጠፋም። ከዳባት ወዲያ ያሉ አክስቴ ሚስኮል የሚባለውን ነገር ሰምተው ወደዱት፤ አቋራረጡን ግን አልያዙትም። ይደውላሉ፣ አነሳለሁ፣ ሙሉ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ ይነገራል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«በል ልጄ፣ ይኸ ሚስኮል ነው። አሁን ደውልልኝ።»
«እትየ፣ አነሳሁት እኮ! እየከፈሉ ያሉት እርስዎ ነዎት።»
«ምን ታነሳዋለህ ታዲያ? ሚስኮል ነው እያልሁህ!»

ድህነት ነው አባቱ እንዳንል የሚያግደን ግን አንድ ነገር አለ፤ ሕጉ። ጆናታን ዶነር የሚባል ተመራማሪ ሩዋንዳ ሄዶ ይህንኑ ነገር አጥንቶ በእ.ኤ.አ. 2007 ጽፏል። ሚስኮልን በሦስት ከፈለው፦ መልሰህ ደውል የሚል፣ አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት፣ እንዲያው «አስቤሃለሁ» የሚል። ከሁሉም በላይ ያየው ግን የተሻለ ገንዘብ ያለው መልሶ የመደወል ግዴታ እንዳለበት ነው። ሕንዶች ደግሞ ነገሩን ሥራ አደረጉት፤ ዚፕዳያል የሚባል ኩባንያ ለደንበኞች ሚስኮል የገበያ መሣሪያ አድርጎ ሲሸጥ ቆይቶ በእ.ኤ.አ. 2015 ትዊተር ገዛው። የኛውም ቴሌ አልተኛም፤ በ*807* «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልእክት በነፃ መላኪያ አወጣ። ሕዝቡ በአውራ ጣቱ የፈጠረውን ነገር ቁጥር ሰጥቶ መልሶ አቀረበለት ማለት ነው።

ሩዋንዳ፣ ሕንድ፣ ጎንደር፤ ድህነቱስ የጋራ ነው እንበል። ያለው ይክፈል የሚለውን ሕግ ግን ድህነት አያስተምርም፤ እንዲያውም ሽሽት ነው የሚያስተምረው። የኛን ሕግ ያወጣው ማነው ላለ፣ ወደ ስሜን መንገድ ይውጣ። ከወገራ ጀምሮ ያለው አገር ገደል የቆረጠው ነው። ሁለት መንደሮች ጭሳቸውን ይተያያሉ፤ በእግር ግን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ መዳፉን ከአፉ ጎን አድርጎ፣ የስሙን መጨረሻ እየጎተተ «አንተ እገሌ ሆ-ይ!» ይላል። ማዶ «አቤ-ት!» ይሰማል። ወሬው ራሱ በገደል ላይ አይለቀቅም፤ አገር ይሰማዋላ። ጥሪው ደረሰ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ማን ወደ ማን ይሂድ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። ጉልበት ያለው ይወርዳል፣ ይወጣል። ሽማግሌ ጠርቶ፣ ጎረምሳ «እርስዎ ይምጡ» ያለበት አገር አልነበረም።

የሚስኮል አባት ይኸው ነው። ያኔ ጉልበት ያለው ይሄድ ነበር፤ ኋላ ገንዘብ ያለው ይደውላል። ጥሪው ምንጊዜም ነፃ ነው፤ ዕዳው የሚጻፈው የተሻለ አቅም ባለው ላይ ነው። ለዚህ ነው ተማሪ ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ፣ ጎንደር ለዋሽንግተን ሚስኮል ሲያደርጉ ማንም ያላፈረው። ሀብታም ነኝ ብሎ ሲያወራ የከረመ ሰው ግን ሚስኮል አድርጎ ከተገኘ መሳቂያ ሆነ። ባለሥልጣን የማይመረምረው፣ ሁሉም የሚያውቀው የገቢ ግብር ነበር።

አሁን ሟቹ ጣር ላይ ነው ብያለሁ። የገደለው ጥጋብ ነው፤ ጥቅል የሚሉት። የደቂቃ ጥቅል፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ የሌሊት ጥቅል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህማ ካርድ መፋቅ ራሱ የሽማግሌ ሙያ ሆኗል፤ ልጁ ከኪሱ ሳያወጣ ለእናቱ ይሞላላታል። መልካም ነው፤ አልማረርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በክልላችን ግጭቱ በርትቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋና ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ቴሌግራሙም ሌላውም አብሮ ዝም አለ። ድምፅ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ያቺ የተናቀች «ጢ» ተመለሰች። በደህናው ቀን ኦንላይን መሆናችንን በአረንጓዴ ነጥብ የምናሳይ ሰዎች፣ በሕይወት መኖራችንን በሚስኮል አሳወቅን።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልማዱም አብሮ ተመለሰ። የዛሬ የከተማ ልጅ ከገጠር ሚስኮል ሲያይ በቴሌግራም «ምን ነበር?» ብሎ ይጽፋል። ቴሌግራም የሌላቸው እናት ያንን የት ያዩታል? ያየ ቢነግራቸውም አይገባቸውም፤ እርሳቸው ከጠርዙ ተጣርተዋል፣ የሚጠብቁት «አቤት» ነው። ፍርዴን ልስጥ፦ ከስልክ ጋር ከመጡት ልማዶች ሁሉ ትልቁን ለትንሹ ባለዕዳ ያደረገ ሚስኮል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ላይኩም፣ ነጥቡም፣ ሰማያዊ ምልክቱም፣ ያለው ላለው የሚያሳየው ነው።

እናም አንባቢ ሆይ፣ ከደባርቅ ወዲያ ካለ ቁጥር አንዲት አጭር ጥሪ ካየህ አትጻፍ። ጥቅልህ ሳያልቅ ደውል።