እማዬ በብስክሌት፣ ማንኩሽ ዳር

ባሊ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አልሄድንም። ኢንተርኔት ይመስገንና ግን የባሊን የብስክሌት ጉብኝት በቃላችን እናውቀዋለን። ቤተሰቡን በማለዳ ኪንታማኒ ከፍታ ላይ ያወጡታል። የባቱርን እሳተ ገሞራ እያየ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ብስክሌት ሰጥተው ወደ ኡቡድ ቁልቁል ይለቁታል። በመንገዱ የሩዝ እርከን ያያል፣ የገበሬ ግቢ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ምሳ ይጠብቀዋል። ፔዳል መምታት እንኳ እምብዛም አያስፈልገውም። ምን ያለው ምቾት ነው ጎበዝ!

እኛ ሁለት እህትማማቾችና አንድ ታናሽ ወንድም ነን። አባዬ ለሥራ ማንኩሽ ከርሞ ስለነበር በኅዳር ከእማዬ ጋር ልንጠይቀው ወረድን። ማንኩሽን ለማታውቋት፦ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንጅባራን፣ ቻግኒን፣ ግልገል በለስንና ማምቡክን አልፋችሁ ትደርሱባታላችሁ። ጉባ ሲባል ግድቡ ትዝ አላችሁ አይደል? አዎ፣ እሱው ነው።

በሦስተኛው ቀን ቤት መቀመጥ ሰለቸንና «በብስክሌት እንዙር» አልን። ከጎረቤትም፣ ከመምህርም፣ ከባለሱቅም ለቃቅመን አራት ብስክሌት አገኘን። ታናሽየው ከኋላ ይፈናጠጣል። እማዬ ባሕር ዳር ስላደገች ብስክሌት አዲሷ አይደለም። ከተዳረች ወዲህ ግን ነክታ አታውቅም። «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይላል?» አለች። እኛም ጋዜጠኝነት የተማርነው ለምን ሆነና! ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ማሰለፏን፣ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደረደርንላት። «ሁሉም ወንዶች ናቸው» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች።

አስጎብኚያችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጉሙዝ ልጅ ነው። ጉሙዝኛ፣ አማርኛና ዓረብኛ ይናገራል። ገና ሳንነሳ ዋጋውን ነገረን። አባዬ «መንገድ ለማሳየት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» አለ። ልጁ አልተቆጣም፣ አልተሽኮረመመምም። «ጋሼ፣ መንገዱን ማየት ይችላሉ። እኔ የማሳየው የማይኬድበትን ነው» አለው። አባዬ ዝም አለ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በመተከል ለዓመታት ደም ፈስሷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቆ ነበር። እዚህ አገር አብሮን የሚሄደው ሰው ማንነት የወፍ ስም ከማወቅ በላይ ነው። ልጁ በየመንደሩ አፋፍ ከብስክሌቱ ይወርዳል፤ እኛም እንወርዳለን። ሽማግሌ ካለ ሽማግሌውን፣ ከሌለ ያገኘውን ሰው ሰላም ይላል፤ የማን እንግዶች እንደሆንን ይናገራል። ስልካችንን ስናወጣ ደግሞ «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ ፎቶ» ይለናል።

ያየነው ብዙ ነው። የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ ታስሮ ቆሞ የሚደርቅ ሰሊጥ፣ ራሱን የደፋ ማሽላ። ከሁሉም የማንረሳው ግን ሴቶቹን ነው። የጉሙዝ ሴት ጭነቷን የምትሸከመው በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥላ ነው። በአንዱ ጫፍ ማገዶ፣ በሌላው ውኃ፤ ሚዛኗ ግን አይዛነፍም። እማዬን ሲያዩ ቆመው ሳቁ። ምን እንዳሉ ልጁን ጠየቅነው። «ሴትዮዋ፣ ጭነትሽ የታለ? ነው የሚሉት» አለን። እማዬ ወደ እኛ ዞር ብላ «እነዚህ ናቸው በሏቸው» አለች። ሲተረጎምላቸው ሳቁ ደገመ።

አንድ ኮረብታ ላይ ስናርፍ ልጁ በእጁ ራቅ አድርጎ አመለከተ። «የአባቴ ቀዬ እዚያ ነበር። አሁን አስጎብኚው ዓሣ ነው።» ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነው። እንደ ሁላችሁም ኮርተንበታል፤ ቦንድም ገዝተንበታል። ውኃው እንዲተኛ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ሐይቁ ንጋት የሚል ስም ወጥቶለታል። የቱሪስት መዳረሻ ይሆናል ሲባልም ሰምተናል። ይሁን፣ ደስ ይለናል! ጥያቄያችን ግን «ማን ያስጎብኝ?» ነው። የባሊ የሩዝ እርከን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተከበረው መልክዓ ምድሩ ብቻ አልነበረም። ሱባክ የሚባለው የገበሬዎቹ የውኃ መከፋፈያ ሥርዓት ጭምር ነው። ጎብኚን የሚጠራው ውበት የእነሱ ሥራ መሆኑ በስማቸው ተጽፎላቸዋል። እዚህም ነገ ባለ ጀልባው፣ ባለ ሎጁና ባለ መኪናው ከአዲስ አበባ መጥቶ የአገሬው ልጅ ዕቃ ተሸካሚ ከሆነ፣ ያ ቀዬ ሁለተኛ ጊዜ ሰጠመ ማለት ነው።

ማታ አባዬ ብሩን ቆጥሮ ሰጠው፣ ልጁ በተናገረው ዋጋ። እማዬ «ለደብተር መግዣ» ብላ ልትጨምር ስትል ልጁ እጁን ሰበሰበ። «ተከፍሎኛል፣ እናቴ። ሌላ ሰው ላኩልኝ።»

ይኸው ልከናል። እናንተም አንድ ቀን ወደዚያ ከወረዳችሁ ዋጋውን እሱ ይንገራችሁ፤ አትከራከሩት።