ፍቅር እስከ መቃብርን ታነቡ ዘንድ

ልጆች ሆይ፣ ሰው መልካም ማዕድ በቀረበለት ጊዜ ብቻውን ሊበላ አይወድም፤ ጎረቤቱን ይጠራል። እኔም አንድ መጽሐፍ አንብቤ ደስ ስላለኝ እናንተም ታነቡት ዘንድ ልጠራችሁ እወዳለሁ። የመጽሐፉ ስም ፍቅር እስከ መቃብር ይባላል። የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ የታተመውም በ1958 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ከማመስገኔ በፊት በልጅነቴ የሠራሁትን አንድ ክፉ ሥራ ልናገር ይገባኛል። ያን ሳልናገር የመጽሐፉ ጥቅም አይገለጥላችሁምና።

የተወለድሁት በአገው ምድር በእንጅባራ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ ጉሙም ብዙ ነው። በየጓሮው ቀርከሃ ይበቅላል፤ ሰዉም ፈረስ ይወዳል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ የተሸለሙት ፈረሶች አደባባዩን ሞልተው ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል።

በመንደራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ በኋላ ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። በሠርግም በለቅሶም ሰው በተሰበሰበ ጊዜ ተነሥተው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ሸክላ ሠሪዋ የሠራችውን ድስት ከምድጃችሁ ላይ ጥዳችኋል፤ ወጡንም በልታችኋል። እርሷ ራሷ ግን በደጅ ቆማለች። ድስቱ ካልረከሰ፣ የሠራችው እጅ በምን ረከሰ?»

መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሳቀ። «ደግሞ ጀመራቸው» ተባባለ። ቀውስ ብሎም ስም አወጣላቸው። እኛም ልጆቹ የታላላቆቻችንን ሳቅ ሰምተን ተማርን። በአንድ የፈረሰኞች በዓል ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ የፈረስ ፋንድያ አነሣሁና ወረወርሁባቸው። ለበዓሉ ታጥቦ የነጣውን ጋቢያቸውን መታው። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝ፤ ነገር ግን አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አራግፈው መንገዳቸውን ሄዱ። ጓደኞቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ጀግና የሆንሁ መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። ዐሥራ አራት ዓመት በሆነኝ ጊዜ የአማርኛ መምህሬ ፍቅር እስከ መቃብርን አዋሱኝ። መጽሐፉን ባየሁት ጊዜ ፈራሁ፤ ገጹ ከ500 የሚበልጥ ነውና። ደግሞም በቤታችን የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የተማርሁት በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ቃል አልወጣውም ብዬ አሰብሁ። ይሁን እንጂ መምህሬን እንዳላሳፍራቸው ብዬ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወርዱ፣ ቡሬ ከታለፈ በኋላ የምትገኝ አገር ናት። የማውቀውን መንገድ በመጽሐፍ ውስጥ ባገኘሁት ጊዜ ፍርሃቴ ግማሹ ተወገደ። በዚያች አገር ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ልጃቸው በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ከተማረ በኋላ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ትልቅ ባላባት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው አስገቡት። ሰብለ ወንጌልን አባቷ ዘሩ የሚተካከላት ባል እየፈለጉ ሳይድሯት አቆይተዋት ነበር። መምህሩና ተማሪዋ ተዋደዱ። እርሱ የድኻ ልጅ ነው፤ እርሷ የባላባት ልጅ ናት። እርሱ በስዕለት ታስሯል፤ እርሷም በአባቷ ኩራት ታስራለች። ከዚህ በኋላ ምን እንደ ሆነ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ደርሳችሁ ታገኙት ዘንድ እተወዋለሁ።

ነገር ግን በዚያ አገር ጉዱ ካሣ የሚባል አንድ ሰው አለ። የተማረ ነው፤ የባላባቱም ዘመድ ነው። ድኻው ስለምን ይበደላል፣ ሰው በዘሩ ስለምን ይከበራል ወይም ስለምን ይናቃል እያለ ይጠይቃል። ሰዎቹም መልስ ስላጡ እብድ ብለው ይስቁበታል። የእርሱን ንግግር ሳነብ ልቤ ተቀበለው፤ «ይህ ሰው እውነት ይናገራል፤ እነዚህ ሰዎች ስለምን አይሰሙትም?» ብዬ ተቆጣሁ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቃሉ ከአፌ ላይ ቀረ። ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ያን ነጭ ጋቢ ያየሁት መሰለኝ። ጉዱ ካሣ በመንደራችን ነበረ፤ ፋንድያ የወረወርሁበትም እኔ ነበርሁ።

ልጆች ሆይ፣ ይህ ስለምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። በአደባባይ የሰውን ቃል የምንሰማው ከሌሎች ሳቅ ጋር ነው፤ ሳቁም ቃሉን ይሸፍነዋል። መጽሐፍ ስናነብ ግን የሚስቅ ሰው በአጠገባችን የለም። ቃሉን ብቻችንን ሰምተን ብቻችንን እንፈርዳለን።

በማግሥቱ በዝናብ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበርና ማን እንደ ሆንሁ አላወቁኝም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ነገር ግን ልቤ እንቢ አለኝ። «አባቴ፣ በበዓሉ ቀን ፋንድያ የወረወርሁብዎ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጋቢው ያን ዕለት ታጥቧል፣ ልጄ፤ ግባና እሳት ሙቅ» አሉኝ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝናብ እንዳይነካው በጨርቅ የጠቀለልሁትን መጽሐፍ ዳሰሱት። ውፍረቱን በጣታቸው ለክተው፣ «ይህን ሁሉ አንብበሃልን?» አሉኝ። ገና ግማሹን ነው አልኋቸው። «እንግዲያስ ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አሉ።

ያን ክረምት በየማታው እየሄድሁ አነበብሁላቸው። ከጉዱ ካሣ ንግግር በደረስሁ ጊዜ እንድደግምላቸው ለመኑኝ። ደገምሁላቸው። ብዙ ጊዜ እሳቱን ሲመለከቱ ቆዩና በአገውኛ፣ «ብቻዬን የሆንሁ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እያደርም የመንደሩ ልጆች ለመስማት ይመጡ ጀመር። ከእነርሱም አንዱ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነበረ። ከደጁ ላይ ቆሞ ባየሁት ጊዜ ጠጋ አልሁለት፤ እርሱም ገብቶ ከእኔ ጋር በአንድ አጎዛ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ከእናንተ አንዳንዱ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ ሐሰት ነው፤ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። አያቶቻችን ስለ ጅብና ስለ አህያ ተረት ሲነግሩን፣ አህያ አትናገርም ብለን አልተከራከርናቸውም፤ ምክሩን ተቀበልን እንጂ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በምድር ላይ አልኖሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ሐዘናቸው በብዙ ቤት ኖሯል። ደራሲውም የጻፉትን አገር ያውቁታል። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ፤ የቤተ ክህነትን ትምህርት ተማሩ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩና በጣልያን አገር ብዙ ዓመት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላም መንግሥታቸውን በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሌላውም፣ «ታሪኩን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ተርኮታል፤ እርሱን መስማት ይበቃኛል» ይል ይሆናል። የወጋየሁ ንባብ በእውነት ያማረ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉም ብዙ ሰዎች ታሪኩን አድርሷል። ነገር ግን ራዲዮ ቆይ ቢሉት አይቆይም። መጽሐፍ ግን ይጠብቃችኋል፤ ያልገባችሁን ቃል ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ፤ ልባችሁ በተነካበትም ቦታ ታርፋላችሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፉ በአንዳንድ ቦታ ንግግር ይበዛበታል፤ ልጅም ይታክተዋል። በታከታችሁ ጊዜ መጽሐፉን አትጣሉት፤ ለዚያ ቀን ብቻ ዝጉት። በማታ ከዐሥር ገጽ አትበልጡ። ብቻችሁን ከምታነቡ ለአያታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው፤ እናንተ ቃሉን ታነቡላቸዋላችሁ፣ እነርሱም የቀድሞውን ዘመን ነገር ይተረጕሙላችኋል። አማርኛ የእናታችሁ ቋንቋ ካልሆነም አትፍሩ፤ እኔም እንደ እናንተ ነበርሁ።

እንግዲህ፣ ወዳጆቼ፣ መጽሐፉን ፈልጋችሁ ጀምሩት። ከጉዱ ካሣም ዘንድ በደረሳችሁ ጊዜ ጥቂት ዐረፍ በሉና፣ በመንደራችሁ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ማን እንደ ሆነ አስቡ። ምናልባት እርሱም የሚሰማው ሰው እየጠበቀ ይሆናል።