የሕፃኑ አልጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የእንጨት አልጋ ነው። ጉዳዩ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ የማይመጥን ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ስገዛው የዕቃ ግዢ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ አልጋ ምክንያት ቅዱስ ቃሉን ያለ ቦታው ተናግሬ እንደ እናቴ የማያቸውን ሴት አስለቅሻለሁና ልነግራችሁ ወደድሁ። በተለይ ልጅ የምትጠብቁ ሁሉ ታገሡኝ።

የምንኖረው ቡልጋሪያ ነው፤ ስሙን ከኤምባሲው ያገኘው ሠፈር። ክፍለ ከተማችን ቂርቆስ ይባላል። በየመታወቂያችንና በየደብዳቤያችን ላይ የምንጽፈው ስም የሦስት ዓመት ሕፃን ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስብ ይሆን?

ባለቤቴ በሰኔ መጨረሻ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚሉ ሰዎች ቤቱን ሞሉት። አማቴም የገጠር ቅቤና የአጥሚት እህል ይዘው ከመንዝ መጡ። አልጋ አስቀድመን አልገዛንም ነበር፤ ላልተወለደ ልጅ ዕቃ አይገዛም የሚሉ ሽማግሌዎችን ሰምተን። ይህ ስሕተታችን ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ፣ «ሕፃኑ በእናንተ ክፍል ይተኛ፤ በእናንተ አልጋ ላይ ግን አይተኛ» ብላን ነበርና። የደከመች እናት እንቅልፍ ይከብዳታል፤ ክረምቱ ደግሞ ጋቢና ብርድ ልብስ ያስደርባል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ሕፃን በወላጆቹ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ይመክራል። አልጋ እስኪገኝ ድረስ እኔና አማቴ በየተራ እየነቃን ጠበቅነው።

ከሥራ መልስ የቤት ዕቃ መሸጫዎችን ዞርሁ። ከውጭ የመጣው አልጋ ዓይን ይማርካል፤ ነጭ ቀለም፣ በዙሪያው ለስላሳ መከለያ፣ ከጥልፍ ትራስ ጋር። ዋጋው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። የገረመኝ ግን አልጋውን ያስወደደው ጌጥ ሁሉ ለሕፃኑ የማይበጅ መሆኑ ነው። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው፤ ለስላሳው መከለያ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላል። አንድ ሻጭ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ አልጋ አሳይቶኝ፣ «እናት ብዙ ሳታጎነብስ ታነሣዋለች» አለኝ። እንዲህ ያለው ጎን ሲላቀቅ በክፍተቱ የተያዙ ሕፃናት ስለ ሞቱ አልጋው በአሜሪካ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳይሸጥ መከልከሉን አንብቤ ነበርና አመስግኜው ወጣሁ።

በመጨረሻ ቂርቆስ አካባቢ ወዳለ አንድ አናጢ ሄድሁ። ከዋንዛ የሠራው የልጅ አልጋ ነበረው። በጎኑ ቋሚዎች መካከል እጄን ባስገባ አራት ጣቴ አለፈ።

«ወንድሜ፣ ይህ ይሰፋል» አልሁት።

«ጭንቅላቱ መቼ ያልፍና ነው!» ብሎ ሳቀ።

አደጋውም ይኸው ነው፤ ገላው ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል። ክፍተቱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ አይገባም። መለኪያ ብታጡ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣሳው በቋሚዎቹ መካከል ካለፈ አልጋውን ተዉት። አናጢው ይህን ሲሰማ ሳቁን ተወ፤ እርሱም የልጆች አባት ነው። በአዲስ ሊሠራልኝ ተስማማን፤ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ ሦስት ጣት፣ ፍራሹም ከዳር እስከ ዳር የሚሞላው። ራስጌው ላይ መስቀል ልቅረጽበት ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ልብስ የሚይዝ ሹል ነገር እንዳይኖረው ብቻ አደራ አልሁት።

ሲለካ እያየሁ ጻድቁ ዮሴፍን አሰብሁ። እርሱም እንጨት ጠራቢ ነበር (ማቴ. 13፥55)። በቤተ ልሔም ግን ጌታ የተኛው ሌላ ሰው ለከብት ባዘጋጀው ግርግም ነው፤ ግእዙ ጎል በሚለው (ሉቃ. 2፥7)። ያን ነጭ አልጋ መመኘቴን ከዚያ ወዲያ ረሳሁት።

ቤት ስገባ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። አማቴ አልጋ ማዘዜን ሰምተው ተቆጥተዋል። «ልጅን ከእናቱ ጉያ አውጥተህ በእንጨት ልታስረው? እኛስ በምን አሳደግናችሁ?» አሉ። ሊጠይቁን የመጡ አንዲት ጎረቤት ደግሞ፣ ብቻውን የሚተኛ ከሆነ ከራስጌው ቢላዋ ይደረግለት ብለው መከሩ። «ስለት ከሕፃን አልጋ፣ ባዕድ አምልኮም ከክርስቲያን ቤት አይገባም» አልሁ። አሁንም ቢሆን ይህን በመናገሬ አልጸጸትም። ነገር ግን ጎረቤታችን ዝም ሲሉ በአሸናፊነት ስሜት ተወሰድሁና መጽሐፍ ቅዱሱን አነሣሁ። የሰሎሞንን ፍርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰይፉንና የእውነተኛይቱን እናት ጩኸት። የክሱን መነሻ ግን እንዘነጋዋለን፤ አንደኛይቱ ሴት በሌሊት በልጇ ላይ ተኝታበት ልጁ እንደ ሞተ ተጽፏል (1ነገ. 3፥19)። ይህንኑ አነበብሁና፣ «ይኸው እማማ፣ መጽሐፍም ይናገራል» አልኋቸው።

አማቴ አልመለሱልኝም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ባለቤቴ ሌሊት ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከእርሷ በፊት አንድ ወንድም ነበራት። የሁለት ወር ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጎን ተኝቶ አደረ፤ ጠዋት አልነቃም። ጎረቤቱ ተጭናው ነው አለ፤ እናቲቱም አመኑ። ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀኖናቸውን ፈጽመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቤት ውስጥ አላነሡም። ተጭነውት ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ሕፃናት ተመርምሮ እንኳ ምክንያቱ በማይገኝ ድንገተኛ ሞት በእንቅልፋቸው የሚያርፉበት ጊዜ መኖሩን ሐኪሞች ይናገራሉ። እኔ ግን ያን የጎረቤት ፍርድ ከመጽሐፍ ጠቅሼ አጸናሁባቸው።

ሐምሌ 19 ቀን ባለቤቴ አርባ ቀኗ ስላልሞላ ብቻዬን ለንግሥ ሄድሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ቅድስት ኢየሉጣ በሚፈላው ውኃ ፊት በፈራች ጊዜ ሕፃኑ ቂርቆስ አጽናናት፤ ጸለየላትም። ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ አዳናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ልቤ የሚሄደው ወደ መልአኩና ወደ እሳቱ ነበር። በዚያን ቀን ግን በሕፃኑ ላይ ቀረሁ። እናቱ ስትፈራ አልገሠጻትም። የተጻፈውን እያስታወሰ አላሳፈራትም።

ቤት ደርሼ አማቴን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አነሡኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔስ አልጋውን መች ጠላሁት፤ አልጋው ደግ ከሆነ፣ ያኔ የእኔ ልጅ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ከጎናቸው ተቀመጥሁ እንጂ። ስሙን የነገሩኝ ያን ቀን ነው፤ የክርስትና ስሙን ጭምር።

አልጋው የቫርኒሹ ሽታ እስኪለቅ አናጢው ዘንድ ሰንብቶ መጣ። አማቴ ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ ፈተኑት። አንዲት ዘመዳችን ያመጣችውን የጥልፍ ትራስም «ይህስ አይሆንም» ብለው ራሳቸው አወጡት። ከባለቤቴ አልጋ አጠገብ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ አቆምነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቃሁ። አማቴ በርጩማ ስበው ከአልጋው ጎን ተቀምጠዋል። ባስጠበብሁት ክፍተት ሁለት ጣታቸውን አስገብተው የሕፃኑ ደረት ላይ አሳርፈው ነበር፤ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ጋቢ አምጥቼ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸውና ተመልሼ ተኛሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።