የጥላው ግማሽ

የክረምት ዕቅዴን ለእማዬ ያሳየኋት እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው። ዕቅድ ስል ኤክሴል ማለቴ ነው። ከሐምሌ 10 እስከ 24፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፤ ሐረር የምንውልበት አረንጓዴ፣ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበት ቢጫ። ሕጉ ከሚሰጠኝ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አብዛኛውን እዚህ ላይ ላፈስ ስለሆነ ቀልድ አልነበረም።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ የአውቶቡሱን መንገድ ስልኬ ላይ በጣቷ ተከተለች። አዳማ፣ አዋሽ፣ አሰበ ተፈሪ (ካርታው ጭሮ ይላል፣ እሷ አትልም)፣ ሂርና፣ ጨለንቆ። ቁሉቢ ላይ ጣቷ ቆመ።

ይሄን እኔም አስቤበት ነበር። ከአዲስ አበባ ስትሄድ ቁሉቢ ከሐረር በፊት፣ እዚያው መንገዱ ላይ ነው። ሐምሌ 19 ገብርኤል ይነግሣል፤ የታኅሣሡ ሕዝብ ይበልጣል እንጂ የሐምሌውም ቀላል አይደለም።

«ሐምሌ 18 ተነስተን እዚህ ብንወርድስ?» አልኳት። «ስለትሽን ታስገቢያለሽ፣ ከዚያ ሐረር ገብተን እናርፋለን። አልፈነው ሄደን ከምንመለስ።»

«አይሆንም። መጀመሪያ ሐረር።»

«ለምን?»

«ጥላው ግማሹ የኔ አይደለማ።»

27 ዓመቴ ነው። ይሄን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለቱን አውቀዋለሁ። የተወለድኩት ሐረር ነው፤ አባቴ እዚያ አስተማሪ ነበር። በሁለት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ልሞት ስል እማዬ ልጄን ካተረፍክልኝ ጥላ አስገባለሁ ብላ ለቁሉቢ ገብርኤል ተሳለች። ዳንኩ። አዲስ አበባ ተዛወርን፣ አባቴ ሞተ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የኔ ትምህርት መጣ፤ ስለቱ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል እዚህ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

ያላወቅኩት ጎረቤታችንን ነው። ጀጎል ውስጥ ግቢ የምንጋራቸው ሐረሪ እናት ነበሩ። በዚያ ሌሊት አባቴ ለሥራ ወጥቶ ነበር፤ እማዬ ደርቃ ስትቀር እኔን አዝለው ሆስፒታል የሮጡት እሳቸው ናቸው። በነጋታው የሻርፓቸውን ጫፍ ፈትተው ብር አወጡ። «ለጥላው ነው፤ ልጁ የሁለታችን ነው» አሏት። ሙስሊም ናቸው። ያ ብር አዲስ አበባ ስንገባ ለማዳበሪያ ጆንያ የማይሞላ ዕቃችን ማስጫኛ ዋለ። እማዬ ይሄን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«በሕይወት አሉ?»

«አላውቅም። ለዛ ነዋ መጀመሪያ ሐረር የምልህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቅዱ የኔ መሆኑ ቀረ።

መጀመሪያ ማረፊያው ተቀየረ። እኔ የመረጥኩት ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ነበር፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ያጌጠ፣ ፎቶው ብቻ ልብ የሚሰርቅ። ችግሩ የሐረሪ ሳሎን ወንበር የለውም፤ ሰው የሚቀመጠው ነደባ በሚባሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚሉ መደቦች ላይ ነው። መጸዳጃውም ግቢውን አቋርጦ ነው። የእማዬን ጉልበት አሰብኩና ከግንቡ ውጭ ምድር ቤት ያለው ሆቴል ያዝኩ። ስነግራት ሳቀች። «እዛ መደብ ላይ ነው ያሳደግኩህ» አለችኝ። ሆቴሉን ሰረዝኩ።

ቀጥሎ ቤቱን ፍለጋ። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ነው፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዱም ከአንድ በላይ ስም አለው። እማዬ ቡዳ በር ትላለች፣ ካርታው በድሪ በሪ ይላል፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ሁለት የተለያዩ በሮች መስለውኝ ስፈልግ ነበር። የሰጠችኝ አቅጣጫ ይኼ ነው፦ ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ትወርዳለህ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጋር ድምፅ ሲያልቅ ወደ ግራ፣ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሲሆን አረንጓዴ በር። ሐረሪዎች ደግሞ ቤታቸውን ቶሎ ቶሎ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ናቸው። የ25 ዓመት አረንጓዴ!

ቢጫዎቹ መስመሮችም ተራ በተራ ወደቁ። የባቢሌ ዝሆኖች ቀሩ፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝሆኖቹም ቢሆኑ ቀጠሮ አያከብሩም። ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ተረፈች፤ አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ማየት እፈልጋለሁ፣ እማዬ ደግሞ ቀፊራ ገበያን። ሐረማያም ተረፈች። አባቴ በወጣትነቱ ሐይቁ ዳር ሱሪውን ጠቅልሎ የተነሳው ፎቶ አለን፤ ሐይቁ ከዚያ ወዲህ ደርቆ፣ በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። ፎቶውን ይዘን እንሄዳለን። ጅብ ሲመገብ ማየትን በተመለከተ እማዬ «ድሮ በነጻ በራችን ላይ ሲያልፍ የነበረውን ዛሬ ከፍዬ?» ብላ ዘጋችው።

የተጣላነው ሐምሌ 19 ላይ ነው። መስመሩ ላይ «ኮንትራት መኪና፣ እስከ በሩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ነው፤ ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሕዝብ ይገፋል። ሐኪሙ ስለ ጉልበቷ ያለውን አብረን ነው የሰማነው።

«በእግሬ ነው የምገባው» አለች።

«ገብርኤል መኪና አይከለክልም።»

«እሳቸው በእግራቸው ነው የሮጡት።»

መልስ አልነበረኝም። ተናድጄ ወጣሁ፣ ሱቅ በር ላይ የጎረቤታችንን ልጅ አገኘሁት። «እማማ እንዴት በርትተዋል ባክህ፣ ጠዋት ጠዋት ሩጫ ሜዳ ላይ አያቸዋለሁ» አለኝ። እማዬ? አዎ፣ በሸራ ጫማ፣ ከወር በላይ ሆኗቸዋል፣ መጀመሪያ አንድ ዙር ነበር፣ አሁን አራት። እኔ ተኝቼ ማለት ነው።

ተመልሼ ስገባ ምንም አላልኳትም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ «እስከ በሩ» የሚለውን አጠፋሁና «እስከ አስፋልቱ» ብዬ ጻፍኩ። አየችኝ፣ ቡናዋን ቀዳች።

«ሐምሌ 11 ላይ ምን አልክ?»

«በር ማንኳኳት።»

«ከዛ በኋላ እስከ 18 አጥፋው። እሳቸው ካሉ ምሳ ይላሉ፣ እራት ይላሉ፣ የትም አይለቁንም።»

«ከሌሉስ?»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ልጆች አሏቸው» አለች። «ትልቋ አንተን ታዝልህ ነበር።»

ከ12 እስከ 18 ያለውን ነጭ አደረግኩት። ጥላው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አውቶቡስ ውስጥ የት እንደምናደርገው ገና አልተስማማንም።