ባትሪው ምን በደለ?

እንደሚታወቀው ሁሉ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። የሱብሂ ሶላት ተሰግዶ ሰው ሲበተን ነጋዴው ወደ ሱቁ፣ ተሸካሚው ወደ ጭነቱ ይጣደፋል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣውም እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት ያልተነሣች ታክሲ የዕለቱን እንጀራ ግማሽ አጣች ማለት ነው። «ይህ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሰን።

ከሠልጣኞች መካከል ሦስታችን የዚያ ሰፈር ልጆች ነን። አንድ ጎረቤታችን አሮጌ ላዳ ታክሲ አላቸው። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ በሶቪየት ኅብረት ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች፣ በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ ያገለገለች መኪና ናት። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም። ስለዚህ ቁልፏ ከተነቀለ በኋላ፣ ምናልባት ከሰዓቷ በቀር፣ ባትሪ የሚጠጣ ነገር ሊኖራት አይገባም።

ይህች ላዳ ግን ማታ በደህና ቆማ ጧት አልነሣም ትላለች። የሰፈሩ ወጣት ገፍቶ ሲያስነሣት ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፤ በማግሥቱ ያው ነው። «ባትሪው ሞቷል» ተባሉና አዲስ ገዙ። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ አመል አመጣ። አሁንም «ይኼም ብልሹ ነው፣ ሌላ ይግዙ» አሏቸው። ጋሼም «ልጆቼ፣ ለባትሪ ካወጣሁ የቤት ኪራዩን በምን ልከፍል ነው?» ብለው አማከሩን። እኛም «ጋሼ፣ ባትሪው ከመከሰሱ በፊት እንለካ» አልናቸውና ቴስተር ተዋስን።

የፍለጋው ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባትሪው በደንብ ቻርጅ ይደረጋል። ቁልፍ ይነቀላል፣ መብራቱና ሬዲዮው ይጠፋል፣ በሮቹ ይዘጋሉ። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ተፈትቶ፣ ቴስተሩ በ10 አምፔር መለኪያው በገመዱና በባትሪው መካከል ይገባል። ከመኪናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በእሱ ውስጥ ማለፍ ግዴታው ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ቴስተሩ እንደዚያ እንደገባ ሞተር ለማስነሣት ከቶ መሞከር አይገባም፤ ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል ከ100 አምፔር በላይ ስለሚሆን መሣሪያውን ያቃጥለዋል።

ቴስተሩ 3.5 አምፔር አሳየን። ሌባው ተገኘ ባንልም መኖሩ ታወቀ! ሒሳቡ ቀላል ነው። ሌሊቱን 10 ሰዓት ብንል፣ 3.5 በ10 ሲባዛ 35 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 55 ነው። ጧት የሚቀረው 20 ቢሆን ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ ሞልቶ ካደረ። ጋሼ የጠረጠሩት የውስጥ መብራቱን ነበር። ነገር ግን ባለ 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት የሚወስደው 0.4 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ከ4 አምፔር-ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አምፖሉ ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ አንዳችን ቴስተሩን እያየን፣ አንዳችን ፊውዝ እየነቀልን፣ አንዳችን ደብተር ላይ እየጻፍን ተራ በተራ ፈተሽን። አንዱ ፊውዝ ተነቅሎ ይታያል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ቁጥሩ የወረደበት መስመር ጥፋተኛው ያለበት ነው። ሆኖም ሁሉም ተነቅሎ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ይህም ራሱ መልስ ነው፤ ሌባው ያለው በፊውዝ በማያልፍ መስመር ላይ ነው ማለት ነው። በላዳ ደግሞ የሞተሪኖና የዲናሞ ወፍራም ሽቦዎች በፊውዝ አያልፉም። ባትሪውን ፈትተን የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ አላቀቅን፣ ጫፉንም በላስቲክ ጠቀለልን። ቴስተሩን መልሰን ስናስገባ ዜሮ ሆነ! ሞተሩ ከጠፋ ስንት ሰዓት ያለፈው ዲናሞ በእጅ ሲዳሰስ ለብ ብሎ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ስለሆነ በዳዮዶች በኩል አልፎ ቀጥተኛ ይሆናል። ዳዮድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምትከፈት በር ናት፤ ቀን ወደ ባትሪው ታስገባለች፣ ሌሊት መመለሻውን ትዘጋለች። የላዳዋ ዳዮዶች አንዳንዶቹ ተበላሽተው በሩ ወለል ብሎ ያድር ነበር። ከሶማሌ ተራ ደህና ዲናሞ ተገዝቶ ሲገጠም ነገሩ አበቃ። ባትሪው ያው ባትሪ ነው። ሳይመረመር ቢቆይ ግን እሱም በእርግጥ ይሞት ነበር፤ በየሌሊቱ ባዶ የሚቀር ባትሪ ውስጡ ያለው እርሳስ እየደነደነ መያዝ ያቅተዋልና።

እንግዲህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ነገ ክፍል ስንገባ ትናንት የተማረውን ዛሬ ያልያዘ ልጅ አናጣም። «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ማለት ቀላል ነው። ግን ልጁ ማታ ማታ ጉሊት ላይ እናቱን ሲያግዝ ያመሻል ወይ? ራቱን በልቶ ያድራል ወይ? ሰሌዳው ይታየዋል ወይ? አንዱን ነቅሎ ማየት፣ ወደ ቦታው መመለስ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ሁሉም ተፈትሾ መልስ ካልተገኘ፣ ከፊውዝ ውጪ የቀረን ሽቦ እንዳለ አስቦ ፍለጋውን መቀጠል ነው። ባትሪ ቢያንስ ተቀይሮ ሌላ ይገዛል፤ ልጅ ግን አይገዛም።